ሙታን በእግራቸው ድምፅ የሰጡ ዕለት

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ፍቱልኝ ብዬ የማንንም ደጅ አልጠናም። ከፈለጋችሁ ለራሳችሁ ፍቱት። እኔ የምነግራችሁ እንዳየሁት ነው፤ ለማሳመሪያ የምጨምርበት ጉልበት የለኝም። ደክሞኛል።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ከመቃብር ነው የመጣው። ባሌ ገድሉ እዚህ ስዊዘርላንድ ተቀብሮ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ለሙት ቦታ የሚሰጠው እስከዚያ ድረስ ነው። ከዚያ ጊዜው አለቀ ይሉና ድንጋዩን ነቅለው፣ መሬቱን ደልድለው፣ ሣር ዘርተው ለሚቀጥለው ተረኛ ያዘጋጁታል። አጥንቱን አይነኩም፤ ስሙን ነው የሚያነሡት። በእኛ በመጤዎቹ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በገዛ እናትና አባታቸውም ላይ ያደርጉታል፤ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ ግን የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ትንፍሽ እላለሁ።

ሳይናገሩ አደረጉት ብዬ አልዋሽም። ባለፈው ክረምት ድንጋዩ ላይ የከተማው አርማ ያለበት ቢጫ ካርድ ለጥፈው ሄደዋል። እኔ የነሱን ፊደል አላነብም። አርማ ሳይ ሹመት መሰለኝ። «ዕድሜውን ሙሉ ባቡራቸውን ሲያጥብላቸው ኖሮ፣ ገና ዛሬ ትዝ አላቸው!» ብዬ ካርዱን በነጠላዬ ጫፍ ስወለውል፣ ለማውቀው ሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ። አንድ ቀን ልጄ ሶስና አብራኝ ሄዳ አነበበችው።

«እማዬ፣ ይሄ ሽልማት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ማስለቀቂያ ነው። ቤተሰብ ካለ ይቅረብ ይላል። በጣም በአክብሮት ነው የጻፉት።»

አቦ፣ ይሄ ሕዝብ ሲያባርርህ እንኳ በአንቱታ ነው!

ሶስና ደወለች፣ ለመነች፣ ቀጠሮ አገኘች። ቀጠሮው ለዛሬ ከሰዓት በኋላ ነበር። የምንለምነው ብዙ አይደለም። እኔ እስክሞት ድረስ ይታገሡን፤ ስሙ እዚያ ቆሞ እኔም ሄጄ ላናግረው። ከሞትኩ በኋላ የፈለጉትን ይዝሩበት። ምን እንደምላቸው በልቤ እየደጋገምኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ ከቤቴ ስወጣ ፀሐይ ከአስፋልቱ ሥር ትወጣ ነበር። ተራሮቹ ተገልብጠው ቆመዋል፤ በረዶው እግራቸው ሥር፣ ሣሩ አናታቸው ላይ። እሱ አልገረመኝም። የገረመኝ መንገደኛው ሁሉ ግንባሩ ላይ ቢጫ ካርድ ተለጥፎበት መሄዱ ነው። እጄን ወደ ግንባሬ ብሰድ የኔም አለ። አንድ ጎረምሳ ፖሊስ አስቆመኝ።

«ወዴት ነው?»

«ማዘጋጃ ቤት።»

«ጊዜሽ አልቋል። ለሕያዋን የምንሰጠው ሃያ አምስት ዓመት ነው።»

«ለሙታንስ?»

«ሙታንማ ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው» አለኝ፣ እንዴት ይሄ ይጠየቃል በሚል ዓይን እያየኝ።

«እና እኔ ወዴት ልሂድ?»

«እሱን ማዘጋጃ ቤት አቤት በይ። በዚያ ላይ ዛሬ እሁድ ነው፤ ዝም ብለሽ ስትሄጂ ነው የያዝኩሽ። ሁለተኛ ጥፋት ነው። ጩኺ!»

ዙሪያዬን ሳይ እውነቱን ነው። በውኑ እሁድ ቀን ሚስማር ብትመቱ ጎረቤት ፖሊስ የሚጠራበት ሀገር፣ በሕልሜ ሰፈሩ በሙሉ ሲንጫጫ ነበር። በየሰገነቱ ድስት ይደበደባል። ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ባልና ሚስት ግድግዳቸውን በመሰርሰሪያ ይበሳሉ፤ በደስታ ፊታቸው በርቷል። አንዱ ሽማግሌ ባዶ ጠርሙስ ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል እየወረወረ እንደ ሕፃን ይስቃል። እኔም ምን ቸገረኝ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ እንደ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ነጋዴ «ሽንኩርት! ሽንኩርት! ሳያልቅ!» ብዬ ለቀቅኩት። ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣኝ።

ባቡር ጣቢያ ገባሁ። በሩ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ እጁ ታስሮ ያለቅሳል። ሚስቱ ፊቷን በመሐረብ ሸፍናለች።

«ምን አድርጎ ነው?» አልኳት።

«በሰዓቱ ደረሰ» አለችኝ። «በሰው ፊት! በልጆቹ ፊት!»

«አይዞሽ፣ የመጀመሪያው ነው?»

«አባቱም እንዲሁ ነበር» ብላ ለቅሶዋ ከመጀመሪያው ባሰባት።

ትቻት ባቡሩ ውስጥ ገባሁ። ባቡሩ አልተነቃነቀም፤ የተነሣው ሀገሩ ነው። በመስኮቱ በኩል መጀመሪያ ጀርመንኛ የሚናገሩት አለፉ፣ ከነቤታቸው፣ ከነአበባ መደባቸው። ከዚያ ፈረንሳይኛ የሚናገሩት፣ ከዚያ ጣልያንኛ የሚናገሩት። አራተኛዎቹ፣ ሮማንሽ የሚባለውን የሚናገሩት፣ ጥቂት ስለሆኑ ዓይኔን ሳርገበግብ ሊያመልጡኝ ነበር። በውኑ እነዚህ ሰዎች አንድ ባንዲራ ሥር ተኝተው በመሃላቸው መጋረጃ ያለ ነው የሚመስለው። ድሬዳዋ ላይ እኔ ባልተማረ አፌ በአማርኛ ሰላም ብዬ፣ በኦሮምኛ ተከራክሬ፣ በሶማሊኛ ተሳድቤ አንድ መደብ ሎሚ ይዤ ቤቴ እገባ ነበር። እዚህ አራት ቋንቋ ያለው መንግሥት አለ፤ አራት ቋንቋ ያለው ሰው ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

ትኬት ቆራጩ መጣና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የራስን ቋንቋ መናገር ክልክል ነው» አለኝ። «የጎረቤትሽን ብቻ!»

እውነትም ባቡሩ ውስጥ ያለው ሁሉ የሌላውን ቋንቋ ይንተባተባል። አንዱ ትልቅ ሰው፣ መነጽሩና ክራቫቱ የባንክ አለቃ የሚያስመስለው፣ ውኃ ለመጠየቅ አውራ ጣቱን ወደ አፉ እየጠቆመ ያልበዋል። ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፤ ይሳሳታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዱ ያንዱን ክንድ ይዞ ያስጨርሰዋል። አገሬው በሙሉ እንደኔ ሆኖ አየሁት። ይሄን ሁሉ ዓመት ዳቦ ቤት ገብቼ በጣቴ እየጠቆምኩ ስኖር፣ ለአንድ ቀን እንኳ ሁሉም ጠቋሚ ሆኖ ሳይ ልቤ ራራላቸው። ለባንክ አለቃው ውኃውን አቀበልኩት። እጄን ሳመኝ።

ከዚያ የባቡሩ በር ተከፈተ፤ ማዘጋጃ ቤት ነው ብዬ ስወርድ ተራራ ነው።

ከተራራው ላይ ላሞች ይወርዱ ነበር። የብርድ ወራት ሲገባ እዚህ ሀገር ከብቶቹን አበባ አሸክመው፣ ትልልቅ ቃጭል አንገታቸው ላይ አስረው፣ ሕዝቡ በጭብጨባ እየተቀበለ ወደ ቆላ ያወርዷቸዋል። በሕልሜ የሚያጨበጭቡት ላሞቹ ናቸው። አበባ ተሸክሞ፣ ቃጭል አስሮ የሚወርደው ሰው ነው። ከፊት ከፊት የሚሄዱት ደግሞ ሰባቱ የሀገሩ መሪዎች። በውኑም ሰባት ናቸው፤ በየዓመቱ አንዳቸው ፕሬዝዳንት ይሆናሉ። ዘንድሮ ማን ነው ብላችሁ መንገደኛ ብትጠይቁ ግን ጭንቅላቱን ያካል።

ሰዓት ያሰረች አንዲት ግንባረ ቦቃ ላም አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ከነዚህ ውስጥ የሚታለብ ታያለሽ?» አለችኝ።

«ሁሉም ነጥፈዋል» አልኳት፤ ከብት አውቃለሁ።

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይመካከራሉ። ወተት የለም።»

ከሰባቱ አንዷ፣ ደርባባ ሴት፣ አበባው አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶባት አስነጠሰች። ወዲያው የሁሉም ፊት ወደሷ ዞረ፤ ትልቁን ቃጭል ካንዱ አንገት ፈትተው እሷ ላይ አሰሩት።

«እዚህ ያስነጠሰ ፕሬዝዳንት ነው» አለችኝ ላሟ።

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ሌላው እስኪያስነጥስ።»

ሴትዮዋ ቃጭሉ ከብዷት አንገቷ ተቆለመመ። ዓይኗ ቀላ። «እባካችሁ አንዳችሁ» ብላ ስትለምን ስድስቱ አፍንጫቸውን ይዘው ዞር አሉ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ አበባ አይስማማኝም። ልያዘው ብል አልያዝ አለኝ፤ ተራራው እስኪያስተጋባ አስነጠስኩ። ቃጭሉ አንገቴ ላይ ገባ። ሴትዮዋ አቅፋኝ አለቀሰች።

እኔ ምኔ ሞኝ ነው! ሥልጣን እጄ ላይ ሳለ ልጠቀምበት አልኩ።

«ስሙኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ገድሉ ካለበት አይነሣም። ድንጋዩም፣ ስሙም አይነሣም። አዝዣለሁ!»

ሰባቱም በአዘኔታ አዩኝ። ከመሃላቸው አጭሩ ሰውዬ «ፕሬዝዳንት ነሽ እንጂ ማዘዝ አትችዪም» አለኝ።

«ታዲያ ይሄን ብረት ምን ሊያደርግልኝ ነው ያሰራችሁብኝ?»

«የት እንዳለሽ እንድናውቅ ነው። እዚህ ሀገር የሚያዘው ሕዝብ ነው።»

«ሕዝቡ የታለ?»

ጣቱን ወደ መሬት ቀሰረ።

ቁልቁል ስመለከት መካነ መቃብሩ ውስጥ ቆሜያለሁ። እዚህ ሀገር አንዳንድ ቦታ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ፣ እጁን እያነሣ ድምፅ ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ። በሕልሜ አደባባዩ መቃብሩ ነው። ሙታኑ በጭንቅላታቸው ቆመዋል መሰለኝ፣ ከየድንጋዩ ፊት ሁለት ሁለት እግር ከአፈር ወጥቶ ይታያል። ካልሲ ያደረገ አለ፣ ያላደረገ አለ። አንዲት ባለቀይ ቀለም ጥፍርም ነበረች፤ ወላሂ ቀናሁ።

የገድሉን እግር ለማግኘት አልተቸገርኩም። የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት ተቆልምማለች። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ተቀጥሮ ሲሠራ ብረት ወድቆባት ነው፤ እኔ ነኝ በሞቀ ውኃ እያሸሁ ያዳንኳት። ጎንበስ አልኩና ጣቷን ያዝኳት።

«ገድሉ!»

«ማነው? ቀዝቃዛ እጅሽን አንሺ!» አለ ከሥር። ድምፁ ያው ነው፤ ትንሽ አፈር አፈር ይላል።

«እኔ ነኝ፣ ትርንጎ። ሊያነሡህ ነው እኮ።»

«ሰማሁ። እኔ እንኳ ምንም አይደል፣ ለነዚህ አዝኜ ነው እንጂ።»

«ለየትኞቹ?»

«ለጎረቤቶቼ ነዋ። በቀኜ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ ጀርመንኛ ነው የሚናገረው። በግራዬ አስተማሪ ነበረች፣ ፈረንሳይኛ ናት። አንድ ሕንፃ ውስጥ ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ጫማቸውን እያዩ ነው የኖሩት። እንዲነጋገሩ እዚህ እኔ በመሃል ገባሁ። 'ዛሬ ዝናብ ገብቶብኛል በላት' ይለኛል፤ እላታለሁ። 'የኔም ትከሻ ረጥቧል በለው' ትለኛለች፤ እለዋለሁ። አንዳንዴ ከራሴ ትንሽ አሳምርበታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ትከሻሽ ያማረ ነው አለሽ፣ ብዬ።»

«አንተ ባለጌ!»

«ሊጋቡ ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ትርንጎ። አሁን ብነሣ ማን ያጋባቸዋል?»

ይሄኔ ግንባረ ቦቃዋ ላም መድረኩ ላይ ወጥታ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ገድሉ ይቆይ የሚል፣ እግሩን ያንሣ!»

የአንገቴ ቃጭል እንዳይጮህ በሁለት እጄ ያዝኩት። ከዚያ በስተቀኝ ዱቄት የመሰለ ወፍራም እግር ተነሣ። በስተግራ ቀጭን እግር ተነሣች። ከኋላቸው ያለው ረድፍ ተነሣ፤ ከዚያኛውም ወዲያ ያለው። የጀርመንኞቹም፣ የፈረንሳይኞቹም፣ ጥግ ላይ ያሉት የጣልያንኞቹም። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አንድ የሮማንሽ እግርም ብቻውን ተነሥቶ አየሁ። የእግር ጫካ ሆነ። የገድሉ ሁለት እግሮች ብቻ ካሉበት አልተነቃነቁም።

«አንተስ? አንሣ እንጂ!» ብዬ ቆነጠጥኩት።

«እኔ ዜጋ አይደለሁማ።»

«እዚህም?»

«ረሳሽው እንዴ? ፓስፖርት ስጠይቅ የትኛው ማኅበር አባል ነህ አሉኝ። የዘፈን ማኅበር፣ የጂምናስቲክ ማኅበር፣ የእሳት አደጋ ማኅበር። የለሁበትም አልኩ፤ የማድረው ባቡር ሳጥብ ነው። 'ከሕዝባችን ጋር አልተዋሃዱም' ብለው መለሱኝ። ዜጋ ያልሆነ ደግሞ ሲቆጠርበት ድምፁ በሙሉ ይበላሻል፤ ሕጉ ነው።»

ሰማችሁ? የተገለበጠ ዓለም ውስጥ እንኳ ያቺ ነገር አልተገለበጠችም።

ዳቦ ጋጋሪው ከአፈር ሥር አንድ ነገር ጮኸ። አስተማሪዋም ጮኸች። ገድሉ ልማዱ ነውና በሁለቱ መሃል ሆኖ ተረጎመ፤ «እንግዲያው አሁኑኑ ዜጋ እናድርገው እያሉ ነው» አለ። ድምፁ አፈረ።

ላሟ መነጽር አጠለቀች። «ፈተና አለው» አለች። «አቶ ገድሉ፣ ከሕዝባችን ጋር ለመዋሃድ ምን አድርገዋል?»

ገድሉ ከአፈር ሥር ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እመቤቴ» አላት፣ «ሃያ አምስት ዓመት አፈር ሥር ጎን ለጎን ተኝተናል። ከዚህ በላይ እንዴት ልዋሃድ?»

ሙታኑ ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ መሬቱ ሥር ሥሩን ይንቀጠቀጥ ነበር። እግሮቹ ሁሉ እንደገና ወደ ላይ ተነሡ፣ ተጨባጨቡ። ላሟ «ዜጋ ነው!» አለች። ያቺ የተቆለመመች ትንሽ ጣት፣ ከነእግሯ፣ ቀስ ብላ፣ እያፈረች፣ ከአፈሩ ወደ ሰማይ ስትወጣ አየሁ። ባሌ ድምፅ ሰጠ። በሙሉ ዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ለራሱ።

እልልታዬን ለቀቅኩት።

«እማዬ! እማዬ፣ ተነሺ!» ሶስና ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። «ሰዎች መጥተዋል።»

የሌሊት ልብሴን እንደለበስኩ ወጣሁ። ሁለት ሠራተኞች ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ ላባቸው ይንጠባጠባል። በመሃላቸው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አለ። ከጥቅሉ ጫፍ በአማርኛ የተቀረጸውን የገድሉን ስም መጀመሪያ አየሁት።

ሶስና በቋንቋቸው ተናገረቻቸው። «ቀጠሯችን እኮ ከሰዓት በኋላ ነው! ገና ልንለምን ነው!»

ትልቅየው ሠራተኛ ኮፍያውን አወለቀ። ክፉ ሰው አይመስልም። ያለውን ሶስና ነገረችኝ። ቀጠሮው የቢሮው ነው፤ እኛ አትክልተኞች ነን። የዚያ ረድፍ ተራ ዛሬ ጠዋት ነበር። ብዙ ሰው ድንጋዩን አይፈልገውም፣ እንሰባብረዋለን፤ የእናንተ ግን በየሳምንቱ ሲወለወል ስለምናይ አሳዘነንና እቤት ድረስ አመጣንላችሁ።

ምን ይባላል? አመሰገንኳቸው። እኔ፣ ትርንጎ፣ አመሰገንኳቸው! ድንጋዩን እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው በራችን ፊት አስቀመጡት፤ ጫማቸው የጣለውን አፈር በእጃቸው ለቃቀሙ፤ መልካም ቀን ብለውን ሄዱ። ሶስና ስልኳን ይዛ ወደ ውስጥ ሮጠች፤ አሁን ለማን እንደምትደውል እንጃ።

የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። ጎረቤቴ ናት፣ የሥልጣኔ ሁሉ ጠባቂ። ድንጋዩን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ማዘኗን አይቻለሁ፤ አልክድም።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ በጣም አዝናለሁ» አለችኝ፣ እንዲገባኝ ቀስ እያለች። «ግን መተላለፊያ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ።»

«ዕቃ አይደለም» አልኳት በተሰባበረው አፌ። «ባሌ ነው።»

አሰበች። ሕጉ ውስጥ ለባል የሚሆን ቦታ እየፈለገችለት መሰለኝ።

«ባለቤትዎ እስከ መቼ ነው የሚቆዩት?»

ደረጃው ላይ፣ ከጎኑ፣ ቁጭ አልኩ።